የውዴታ ግዴታ፦ ከሁለት ነገር አንዱን ብቻ መምረጥ የሚችል ሰው በነፃ ፈቃዱ መረጠ ይባላልን?

ጥያቄ
መምህርት፣ ከቢቸና አካባቢ

ለብዙ ዓመታት በልቤ ሲመላለስ የኖረ ጥያቄ አለኝ፤ ከሥሩ ጀምሬ ካልነገርኋችሁ ግን ባዶ ስለሚሆን ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ። በ2001 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስጄ ወደ መሰናዶ የሚያሳልፈኝን ውጤት አገኘሁ። ሐሳቤ 11ኛንና 12ኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ መግባትና ፋርማሲ መማር ነበር። በዚያው ክረምት አባቴ ታመመና ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ ለሕክምናው ተሸጠ። መስከረም ሊጠባ ሲል አንድ ማታ አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ፣ ከበሬው ዋጋ የተረፈውን ብር ከጋቢው ጫፍ ፈትቶ ሁለት ጊዜ ቆጠረውና እንዲህ አለኝ፦ «መሰናዶው ያለው ከተማ ነው፤ የቤት ኪራይና ስንቅ ለሁለት ዓመት፣ ከዚያ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው አለ። ይህን መቻሌን እንጃ። የመምህራን ኮሌጁ በሦስት ዓመት ደመወዝ ያስይዝሻል። እኔ አላዝሽም፤ አንቺው ወስኚ።» ሦስተኛ መንገድም ነበረ፤ አገር ቤት ቀርቶ ሽማግሌ ለላከው ሰው መዳር። እርሱን ግን አባቴም አላነሣው፣ እኔም አላነሣሁት። እናቴ ምጣድ ላይ ያደረገችውን ገብስ ማመሷን ትታ ታዳምጠን ስለ ነበር ገብሱ አረረ፤ ሦስታችንንም ያባነነን ሽታው ነው። ጠዋት «ኮሌጁን መርጫለሁ» አልሁት።

ዛሬ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ሥራዬንም እወደዋለሁ። ስለዚያች ማታ ግን ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ነገር ይነግሩኛል። እናቴ «የአርባ ቀን ዕድልሽ ነው፤ ብትሸሺውም ይከተልሽ ነበር» ትለኛለች። በእኔ ደመወዝ ተምሮ አሁን ባሕር ዳር ምሕንድስና የሚያጠናው ታናሽ ወንድሜ «እታለም፣ እርሱ እኮ ምርጫ አልነበረም፤ የውዴታ ግዴታ ነው። በእኛ ድህነት ተገደሽ እንጂ ወደሽ አልገባሽበትም» ይለኛል። አብራኝ የምታስተምር ባልደረባዬ ደግሞ ስለ ሥራው ባማረርሁ ቁጥር «ማን አስገደደሽ? ራስሽ መርጠሽ ነው» ትለኛለች። ሦስቱም ለእኔ አስበው እንደሚናገሩ አምናለሁ። ነገር ግን የእናቴ ቃል ውሳኔዬን ለዕጣ፣ የወንድሜ ቃል ለድህነት ይሰጥብኛል፤ የባልደረባዬ ቃል ውሳኔዬን ይመልስልኝና ድህነቱንም አብሮ ያሸክመኛል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ለአንድ ሰው የተከፈቱለት በሮች ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ሁለቱንም እርሱ ያልከፈታቸው ሲሆኑ፣ ፈቃዱ ነፃ ነው ማለት ይቻላል? ምርጫ ሲጠብ ፈቃድም አብሮ ይጠባል? ወይስ ፈቃድ በሮችን በመቁጠር የማይለካ ሌላ ነገር ነው? ማጽናኛ አልፈልግም፤ የምለምናችሁ ማብራሪያ ነው።


መልስ
የቀድሞ የቅኔ ተማሪ፣ ከጎንጅ

እኅቴ ሆይ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ከማንኛውም ክርክር በፊት ትዝ ያለኝ ጉባኤ ቃና ነው። በጎጃም የቅኔ ቤቶች፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ ተማሪ ገና ሲጀምር የሚቀኘው እርሱን ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ አለው። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ፊደል መምታት አለባቸው፤ ልካቸው ለዜማው የተመጠነ ነው፤ ቋንቋው ግእዝ ነው፤ ሰሙ ወርቁን መሸከም አለበት፤ ምሥጢሩም ከዕለቱ በዓል ወይም ከመጻሕፍት ታሪክ የወጣ መሆን አለበት። ተማሪው ከዚያ በሦስት ቤቶቹ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ፣ በአምስት ቤቱ በዋዜማ እያለፈ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። የቤቱ ቁጥር ጨመረ ማለት ግን ማሰሪያው ላላ ማለት አይደለም፤ መወድስ የሚቀኝ ሰው ስምንት ጊዜ ይታሰራል እንጂ ስምንት ጊዜ አይፈታም።

አንድ የጥምቀት ሰሞን የኔታ ለሁላችንም አንድ ምሥጢር ሰጡን፤ ዮርዳኖስ ጌታውን አይቶ ወደ ኋላ የሸሸበትን። ከቀትር በኋላ እንደ ልማዳችን ለቅኔ ቆጠራ፣ ማለትም የየራሳችንን ቅኔ ለማሰብ፣ ወጥተን በየዛፉ ሥር ደበሏችንን ተከናንበን ተጋደምን። ማታ በጉባኤ ተራ በተራ ስንነግር፣ ከወሎ የመጣው ልጅ ዮርዳኖስን አበዳሪውን በገበያ ያየ ባለ ዕዳ አድርጎት መጣ። ከደጋ ዳሞት የመጣው አማቷን ስታይ ጓዳ የምትገባ ሙሽራ አደረገው። እኔ ደግሞ ማልዶ ቀንበሩን ሲያይ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ በሬ አድርጌው ነበር፤ ቤት ለመምታት ስል አንድ ግስ አጣምሜ ስለ ነበር ታርሜበታለሁ። አንዱ ተማሪ ግን ከባልንጀራው ተቀብሎ ያጠናውን ነገረ። የኔታ ዓይናቸው ከታወረ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ዝም ብለው አዳምጠው ሲያበቁ «ይህ ያንተ አይደለም፤ የማን እንደ ሆነ ልንገርህ?» አሉት። የማን እንደ ሆነም በስሙ ጠርተው ነገሩት።

ምሥጢሩ አንድ፣ ልኩ አንድ፣ ዜማው አንድ ሆኖ ሳለ የኔታ ባለቤቱን ለይተው ያወቁት በምንድን ነው? መምህሩ ያልሰጡት፣ ሕጉም ያልወሰነው አንድ ነገር በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ስለ ነበረ ነው። እኔ ነፃ ፈቃድ የምለው ይህን ነው። ማሰሪያው የሁላችን ነበር፤ ሰሙ ግን የየራሳችን። ማሰሪያው ጨርሶ ባይኖር ኖሮ የበለጠ ነፃ እንሆን ነበር ብዬም አላምንም፤ የፈለጉትን ፊደል መጣል በተፈቀደበት ቦታ ቤት መታ የሚባል ሰው የለምና።

ስለ አርባ ቀን ዕድል እናትዎን ባከበረ ቃል አንድ ነገር ልጨምር። ሊቃውንቱ ሰው ነፃ ፈቃድ እንዳለው ሲያስተምሩ ከሚጠቅሱት አንዱ የሲራክ 15ኛው ምዕራፍ ነው፤ እሳትና ውኃ በፊትህ ቀርቦልሃል፣ እጅህን ወደ ወደድኸው ስደድ ይላል። ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ ቁጥሩን ያስተዋልሁት ግን ዛሬ ጥያቄዎን ሳነብ ነው። የቀረቡት ሁለት ብቻ ናቸው! ሁለቱንም ሰው አልፈጠራቸውም። ለሰው ነፃነት ምስክር ሆኖ የሚጠቀሰው ቃል ራሱ ከሁለት በላይ አልጠየቀም።


መልስ
የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ ከአዊ

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ የቅኔው ምሳሌ ግን ጥያቄውን ያቀለለው ይመስለኛል። የቅኔ ተማሪ ወደ ቅኔ ቤት የገባው ወዶ ነው፤ ማሰሪያውም ቅኔው እንዲያምር የተሠራ ነው። የመምህርቷን አባት ያሳመመው በሽታ ግን ምንም ነገር እንዲያምርለት ተብሎ አልመጣም። ሁለቱን በአንድ ስም «ገደብ» ብለን ከጠራናቸው በኋላ ከቀላሉ ያገኘነውን መልስ ለከባዱ የምንሰጠው ከሆነ፣ የተቸገረን ሰው በሥነ ጽሑፍ እያጽናናነው ነው።

እኔ የማውቀውን ልናገር። በአዊና በምዕራብ ጎጃም ደጋ ቦታዎች ዝናቡ ብዙ ስለ ሆነ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ከአፈሩ አጥቦ ያወርደዋል፤ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል። የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አልሙኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያሳጥረዋል፤ ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስም አፈሩ ራሱ አስሮ ያስቀረዋል። ገብሱ አንድ ስንዝር ብቅ ይልና ቢጫ ሆኖ ይቆማል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ይጠይቃል፤ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ደግሞ ኖራው በሰው ጀርባና በአህያ ነው የሚደርሰው። ኖራ ያላገኘ ገበሬ ምን ይቀረዋል? ድሃ መሬት የማይጠላውን ግብጦ ይዘራል፤ ወይም ማሳውን ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት ተክሎበት ዛፉ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ከሰል አክስሎ ይሸጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዛፍ የተከሉ ገበሬዎችን ስመዘግብ ቅጹ ላይ «የተከለበት ምክንያት» የሚል ዓምድ ነበረው። አንድ አዛውንት ጋ ስደርስ ጠየቅኋቸው። ወደ ማሳው በዱላቸው እያመለከቱ «ልጄ፣ ገብስ እምቢ ሲለኝ ምን ላድርግ? ተከልሁት» አሉኝ። እኔ የጻፍሁት «በራሱ ፍላጎት» ብዬ ነው፤ በቅጹ ላይ ለእርሳቸው ቃል የሚቀርብ ሌላ መልስ አልነበረም። ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ውሸት ጻፍሁ ልል አልችልም፤ ማንም አላስገደዳቸውም፣ አስበውበታል፣ ጎረቤታቸውን አማክረዋል፣ ከሁለቱ አንዱን ወስነዋል። እውነቱን ጻፍሁ ልልም አልችልም፤ «በራሱ ፍላጎት» የሚለውን ያነበበ ሰው ገብሱ እምቢ ማለቱን አያውቅምና።

ስለዚህ በእኔ እምነት ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ፈቃድ የሰውየው ነው፤ ሁለት ቢቀርብለትም በሁለቱ መካከል የሚያስበውና የሚወስነው እርሱ ነው፤ በዚህ ከቀድሞው የቅኔ ተማሪ ጋር እስማማለሁ። ነፃነት ግን ከፈቃድ ይሰፋል፤ ፈቃዱ የሚንቀሳቀስበትን መስክ ይጨምራል፤ መስኩ ደግሞ ይለካል። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ባላ ብቻ ያለው ሰው መንጠልጠሉ በፈቃዱ ቢሆንም፣ ባላው ሲሰበር የሚወድቀው በፈቃዱ አይደለም።

እዚህ ላይ የማልፈታው አንድ ነገር አለ። እኒያ አዛውንት ዛሬ ኖራ ቢመጣላቸውም አይፈልጉም፤ «ከሰሉ ይሻለኛል፤ ጉልበቴም ደክሟል» ይላሉ። ይህ የዛሬው ፍላጎታቸው የእርሳቸው ነው? ወይስ ትናንት አማራጭ ማጣታቸው ያስተማራቸው ፍላጎት ነው? መምህርቷም «ሥራዬን እወደዋለሁ» ብለዋል። የተናገሩትን ከልቤ አምናለሁ፤ መውደድ ካለፈ በኋላ መምጣቱ ግን በዚያች ማታ የነበረውን ጥያቄ አይመልስም።


መልስ
የሕግ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር

የግብርናው ባለሙያ ፈቃድንና ነፃነትን መለየታቸው ትክክል ይመስለኛል፤ ሦስተኛ ነገር ልጨምርበት እወዳለሁ፤ መስኩን ያጠበበው ማን ነው የሚለውን።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 71 እና 72 የመገደድን ነገር ይመለከታል። ጉልበተኛ ሰው እጄን ይዞ፣ ልቋቋመው በማልችለው ኃይል፣ ጣቴን በሐሰተኛ ሰነድ ላይ ቢያሳርፈው አድራጊው እርሱ ነው፤ እኔ አልጠየቅም፤ ተጠያቂው ያስገደደኝ ሰው ነው። ልቋቋመው ወይም ላመልጠው እችል የነበረ ግዳጅ ከሆነ ግን በመሠረቱ እኔም እጠየቃለሁ፤ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልልኝ ይችላል እንጂ አልመረጥህም አይለኝም። እንግዲህ ሕጉ በሁለቱ መካከል የሚያሰምረው መስመር ፈቃድ ጨርሶ ከጠፋበትና ፈቃድ ኖሮ ከተጨነቀበት መካከል ነው። የመምህርቷ ነገር ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ወንድማቸው ግን ከመጀመሪያው ወገን አድርገው ተናግረዋል።

ከዚህ ይልቅ ወደ ጥያቄው የሚቀርበው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ልጁን ለማሳከም በሬውን በርካሽ የሸጠ ገበሬ፣ ቸግሮኝ ነበር በማለት ብቻ ውሉን አያፈርስም። ችግርተኛ የሚገባው ውል ሁሉ ፈራሽ ቢሆን ኖሮ ከችግርተኛ ጋር የሚዋዋል ሰው ስለማይገኝ፣ ያ ገበሬ የልጁን ማሳከሚያ ከየትም ባላገኘ ነበር። ነገር ግን በአንቀጽ 1710 መሠረት ገዢው የገበሬውን ችግር መጠቀሚያ አድርጎ ፈቃዱን ያገኘ እንደ ሆነና ፍትሕ ያስገደደ እንደ ሆነ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ድህነቱ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ አማራጩም በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ የሚለያያቸው ከድህነቱ በስተጀርባ የሌላ ሰው እጅ መኖሩና አለመኖሩ ነው። ይህን አንቀጽ ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ሕጉ የተጎጂውን አማራጮች ሳይቆጥር የጎጂውን አሳብ መመርመሩ ነው።

ፈላስፎችም በዚህ ነገር ረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። የ17ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊ ጆን ሎክ እንዲህ ያለ ምሳሌ ሰጥቷል፦ አንድ ሰው እንቅልፍ ላይ ሳለ ተሸክመው ወደ አንድ ክፍል ያስገቡትና በሩን ከውጭ ይቆልፉበታል። ሲነቃ ሊያየው ሲናፍቅ የኖረውን ሰው አጠገቡ ያገኘዋል፤ ደስ ብሎት ጨዋታውን ይቀጥላል፤ በሩን ለመክፈት ሐሳቡም የለውም። ሎክ የፈረደው ሰውዬው በፈቃዱ ተቀምጧል፣ ነፃ ግን አይደለም ብሎ ነው። እንዲያውም «ፈቃድ ነፃ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ፣ እንቅልፍ ፈጣን ነው ወይ፣ በጎነት አራት ማዕዘን ነው ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው ብሏል፤ በእርሱ ዘንድ ነፃ የሚባለው ሰውዬው እንጂ ፈቃዱ አይደለምና።

አሜሪካዊው ሃሪ ፍራንክፈርት ደግሞ በ1969 እ.ኤ.አ. ከዚህ አልፎ ሄደ። የእርሱን አሳብ ወደ አገራችን አምጥቼ ልንገራችሁ። አንድ ሰው ለዕድሩ ዳኛ ድምፅ ሊሰጥ ተነሥቷል እንበል። ሳያውቀው አሳቡን የሚያነብብ አንድ ሰው ከኋላው ተደብቋል፤ ወደ ሌላ ሰው ሊያዘነብል ሲል ካየው በምሥጢር አሳቡን ሊያጥፈው ተዘጋጅቷል። ሰውዬው ግን ገና ከመጀመሪያው በራሱ ምክንያት የተፈለገውን ዳኛ መረጠ፤ የተደበቀውም ሰው ምንም ሳያደርግ ቀረ። መራጩ ሌላ ነገር ማድረግ አይችልም ነበር፤ ሆኖም ድምፁ የእርሱ አይደለም የሚል ማን ነው? ተቃዋሚዎቹ «ወደ ሌላው ማዘንበል መጀመሩ ራሱ አማራጭ ነበረ» ብለው መልሰውለታል፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ምሳሌው ያሳመነኝ በአንድ ነገር ነው፤ ውሳኔ የእኔ የሚሆነው ከምክንያቴ ሲወጣ እንጂ አማራጩ ስለ በዛ አይደለም።

መምህርት ሆይ፣ በዚህ ሚዛን እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው። ውሳኔው የእርስዎ ነው። ጥበቱ የእርስዎ አይደለም። ባልደረባዎ የሚሳሳቱት ከመጀመሪያው ተነሥተው ሁለተኛውንም የእርስዎ ስለሚያደርጉት ነው፤ ወንድምዎ የሚሳሳቱት ከሁለተኛው ተነሥተው መጀመሪያውን ስለሚነጥቁዎት ነው።


መልስ
እናት፣ ከደብረ ማርቆስ

የሕግ ባለሙያው «የሌላ ሰው እጅ» ያሉት ነገር አላስተኛኝም። ልጄ አምና የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን ስትሞላ እኔና አባቷ «አናዝሽም፤ ከሕክምናና ከሕግ የወደድሽውን ምረጪ» አልናት። ሕግን መረጠች፤ እኛም ነፃነቷን ጠበቅንላት ብለን ለዘመድ ተናገርን። ሁለቱም ግን የእኛ ምርጫዎች ነበሩ፤ ልጄ ሥዕል ነው የምትወደው። ያን ቀን ብናስገድዳት ኖሮ ልትቆጣን ትችል ነበር፤ አሁን ግን በማን ትቆጣ? እኔም ይህን ያወቅሁት በዚህ ክረምት የተማሪ ደብተሯን ሳገላብጥ በየገጹ ጥግ የሣለቻቸውን የሰው ፊቶች አይቼ ነው። የመምህርቷ አባት ግን የቀረውን ብር ፊት ለፊት ቆጥረው አሳይተዋል። እኛ ብሩ ነበረን፤ የደበቅነው በሩን ነው።


የጠያቂዋ ምላሽ
መምህርት፣ ከቢቸና አካባቢ

የሁላችሁንም መልስ ደጋግሜ አነበብሁት። ከጻፋችሁት የምቀበለውንና የማልቀበለውን በግልጽ ልናገር፤ ለምክራችሁ የምከፍለው ክብር ይህ ነው።

የግብርናው ባለሙያ በትክክል እንዳሉት፣ ዛሬ ሥራዬን መውደዴ ለዚያች ማታ ምስክር አይሆንም። የመሰናዶው በር በእውነት ተከፍቶልኝ ቢሆን ኖሮ እሄድ እንደ ነበር አልክድም። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ኮሌጁን አልመረጥሁም ማለት እንደማይቻል አሁን ይገባኛል። በዚያች ሌሊት ሳልተኛ ያደርሁት ስለ ፋርማሲ ሳስብ አልነበረም። አባቴ «እኔ አላዝሽም» ሲል ድምፁ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ሊያዘኝ ይችል ነበር፤ በእኛ አካባቢ አባት ቢያዝ ማንም አይፈርድበትም። ቢያዘኝ ኖሮ ታዝዤ በሄድሁ፣ ልቤም በቀለለ ነበር። ሌሊቱን ያከበደብኝ አለማዘዙ ነው። የግዳጅ ሌሊት ቢሆን ያን ያህል ባልከበደኝ፤ የከበደኝ የምወስነው እኔ ስለ ነበርሁ ነው። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ከደብረ ማርቆስ የጻፉልኝ እናት አባቴን በአዲስ ዓይን እንዳየው አድርገውኛል። ስሙ ያልተነሣውን ሦስተኛ መንገድ፣ ዳሩን ማለቴ ነው፣ እስከ አሁን እንደ ዝምታ ብቻ ነበር የማስበው። አሁን ሳስተውለው ግን አባቴ ያን በር ሆን ብሎ ዘግቶታል። የሽማግሌዎቹ ነገር ገና አላለቀም ነበር፤ ከበሬው ዋጋ ይልቅ የሚያዋጣውም እርሱ ነበር። ስለዚህ የእኔን ምርጫ ያጠበበው ድህነት ብቻ አይደለም፤ አባቴም አጥብቦታል፤ ያጠበበውም ለእኔ ብሎ ነው። ይህን ጥበት በየትኛው ወገን እንደምመድበው ገና አላወቅሁም፤ የሕግ ባለሙያው የጠቀሱት አንቀጽ የሚመረምረው የጎጂን እጅ ነውና፣ የሚጠብቅ እጅ ሲያጠብብ ምን እንደሚባል አንድ ቀን ቢጽፉልኝ እወዳለሁ።

ቅኔውን በተመለከተ፣ በምሳሌው ላይ የቀረበውን ተቃውሞ ብቀበልም አንድ ነገር ከእርሱ ወስጃለሁ። በዚያ ኮሌጅ አብረውኝ የገቡ ከእኔ የባሰ የተቸገሩ ልጆች ነበሩ፤ ሒሳብን ግን ማንም አላስመረጠኝም። ለሥልጠና ክፍሎቹ ተሰልፈን ስንመዘገብ አንዷ ጓደኛዬ «አማርኛ ይቀላል፤ ነይ አብረን እንግባ» እያለች እጄን ስትጎትት፣ እኔ ወደ ሌላኛው ሰልፍ ሄድሁ። የኔታ ቢኖሩ ያቺን የእኔ ናት ይሏት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከእናቴ ጋር አልከራከርም፤ የአርባ ቀን ዕድል ስትል የራሷን ኀዘን እንደምታስታግስበት አውቃለሁ። ለወንድሜ ግን መልስ አለብኝ። «ተገደሽ» የሚለኝ ዕዳ እንዳለበት ስለሚሰማው ነው፤ ተገድጄ ከሆነ የተቀበለው ስጦታ ከእኔ የተቀማ ይመስለዋል። ለትንሣኤ ሲመጣ እነግረዋለሁ። ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ስለ ነበር ገብሱ ያረረበትን ማታ አያስታውሰውም፤ መደቡ ሥር ተኝቶ ነበር። ከእርሱ እጀምርለታለሁ።